ዙሌይካ ለፈረሷ የሰፋችው ልብስ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ጋሪ የምትነዳ ሴት አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ዙሌይካ ናት። ባሏ ሙዘይን ያረፈ ጊዜ የባሏ ወንድሞች ፈረሱንና ጋሪውን ሊወስዱ መጡ። ታላቅየው፣ "ሴት ጋሪ ላይ ቁጭ ብላ ልጓም ስትጎትት አያምርም። ሰው ምን ይለናል?" አላት።

"እናንተ ስትጎትቱ ያምራል ያላችሁ ማነው?" አለችው።

በነጋታው ፈረሱን ጠምዳ ገበያ ወጣች። ፈረሱ መልኩም ስሙም ዳማ ነው። ያን ቀን ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ አያት፤ እሷ ግን ማንንም አላየችም። የጫነችውን ድንች አድርሳ ተመልሳ ሌላ ጫነች።

ለውጡ መጣ በተባለበት ሰሞን ከተማችን በተስፋ ተሞልታ ነበር። ወጣቱ ተደራጅቶ ባጃጅ አወጣ። ጋሪ ከአስፋልት ይውረድ ተባለ። ዙሌይካ ወርዳ በጥርጊያው መንገድ መሥራቷን ቀጠለች። ባጃጅ ነጂው ሙሐዲን በአጠገቧ ባለፈ ቁጥር ጡሩምባውን እየነፋ፣ "ዙሌ! ይሄን ፋንድያ የሚጥል መኪናሽን መቼ ነው የምትጥይው?" ይላታል።

"ያንተው ቤንዚን ያጣ ቀን፣ ሣር ብላ ብለህ ስትለምነው አይሃለሁ" ትለዋለች።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲቀርብ ቤንዚኑ እውነትም ጠፋ። ያን ጊዜ አላፌዘችበትም። የሙሐዲንን እናት ከነጓዛቸው ጭና ወደ ዘመዶቻቸው ያደረሰች እሷ ናት። ይህን የምጽፈው ሴትዮዋ ምላስ ብቻ እንዳልሆነች እንዲታወቅልኝ ነው።

እሷ ራሷ ከሐይቅ የወጣችው በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ የመድፉ ድምፅ ከሐይቁ ባሻገር ሲሰማ ነው። የምትሄድበት ነበራት። ጸዳለ የምትባል የአምባሰል ደጋ ሴት፣ ባሏ ፈንታሁን ከበግ ጠጉር የሚሠራውን ባና ሐይቅ ገበያ እያመጣች ትሸጥ ነበር። ባና ማለት ያ ከባዱና ጥቅጥቅ ያለው የደጋ ልብስ ነው። የጸዳለን ባና ከመኪና ማቆሚያው ወደ ገበያው የምታመላልሰው ዙሌይካ ነበረች። አንዷ በማርያም ሌላዋ በአላህ እየማለች ሲከራከሩ ኖረው፣ ክርክሩ ሳያልቅ ወዳጅ ሆኑ። "አንድ ቀን ክፉ ከመጣ ቤቴ ቤትሽ ነው" ብላት ነበር ጸዳለ። ክፉው መጣ።

መንገዱ እስከሚያስኬድ ድረስ በጋሪ ሄደች። ከዚያ ጋሪውን አንድ ገበሬ አጥር ሥር አቁማ፣ የጥጥ ፍራሿንና ጥቂት ዱቄት ዳማ ላይ ጭና አቀበቱን ወጣች። ዳማ ግን ታሞ ነበር። በዚያ ሰሞን ከየአቅጣጫው የተሰደደው ከብት በአንድ ላይ ሲታጎር እከክ ተጋብቶበታል። ጀርባውና ጎኑ ተመልጦ ቆዳው እንደ አሮጌ ቁርበት ተሰነጣጥቋል። ድኝ በኑግ ዘይት እየለወሰች ትቀባዋለች። ቆዳው መዳን ጀምሯል፤ ጠጉሩ ግን ገና ነው።

ፈንታሁን በራፉ ላይ ቆሞ ፈረሱን እየዞረ አየው።

"እንኳን ደህና መጣሽ። አንቺ ግቢ" አላት። "እሱ ግን ጋጣ አይገባም። በቅሎዬ አለች።"

"አያ ፈንታሁን፣ ውጭ ያለው እኮ ውርጭ ነው!"

"አውቃለሁ። ከውርጩ ጋር የተዋወቅሁት ትናንት አይደለም።"

በቅሎዋ ለቤቱ እህል ጫኝ፣ ለበሽተኛ አልጋ፣ ለሁሉም ነገር እሷው ናት። እውነቱን ስለነበር ዙሌይካ በዚህ አልተሟገተችውም። ዳማን ከቤቱ ጀርባ ካለው የድንጋይ ካብ ሥር፣ ነፋስ ከማይመታበት በኩል አሰረችው። በማግስቱ ሣሩ ሁሉ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኖ አገኘችው። ዳማ ጅራቱን በእግሮቹ መሃል ሸጉጦ፣ አንገቱን ደፍቶ ይንቀጠቀጥ ነበር። የፈንታሁን በቅሎ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ወጥታ በዚያው አመዳይ ላይ እንደ ዋዛ ትግጣለች። ሐይቅ ዳር ያደገና ጠጉሩ የተመለጠ ፈረስ የደጋን ኅዳር የሚችልበት ምንም ነገር የለውም።

"ይሄ አይነጋለትም" አላት ፈንታሁን። እንደ ጭካኔ አልነበረም አነጋገሩ፤ እንደ ምክር ነበር። "ወደ ገደሉ ወስደሽ ልቀቂው። የሚበላ ሥጋ አይደለ፣ የሚጫን ጀርባ የለው። ለጅብ ይሁን።"

"ጅቡ ሌላ እራት ይፈልግ።"

"አንቺ ሴት፣ ሰው የሚለብሰው አጥቷል እኮ!"

"ሰው ይናገራል፤ ብርድ መታኝ ይላል። እሱ ለማን ይናገር?" አለችና ፍራሿን ለመተርተር መቀስ ጠየቀች።

የመጀመሪያው ልብስ ሥራ በዚያው ቀን አለቀ። የፍራሹን ጥጥ እንዳለ ደራርባ፣ በጋሪው የዕቃ መሸፈኛ ሸራ ከላይና ከታች ጠቅልላ፣ እንዳይንሸራተት በገመድ ጥፍር አድርጋ ዳማ ላይ አሰረችው። ውፍረቱ እጅ ያህላል። ክብደቱ ሁለት ሰው ያሻዋል። ሠፈሩ ተሰብስቦ ሳቀ። ዘይኑልአቢዲን የሚባሉ ጎረቤት ሽማግሌ፣ "ልጄ፣ ፈረሱን አለበስሽው ወይስ ቀበርሽው?" አሏት።

"ብርዱን ነው የቀበርኩት አባባ።"

ግን አልቀበረችውም። ቀን ፀሐይ ሲወጣ ዳማ በሸራው ውስጥ ላበ። ሸራ ዝናብ እንደማያስገባ ሁሉ ላብም አያስወጣም። ጥጡ ላቡን ጠጣና ረጠበ። ንጋት ላይ እጇን ስትሰድ ውስጡ እንደ ምንጭ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ፈረሱ ምንም ካልለበሰበት ቀን ብሶ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ልብሱን ፈትታ ዳማን በጆንያ ስታሽ፣ ስታሽ ቆየች። እንደ ነገረችኝ፣ ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ግን እያለቀሰችም አሸችው። ቀና ስትል በቅሎዋን አየች። የበቅሎዋ ጠጉር ተኝቶ አልነበረም። ብርዱ ሲነካት ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ሰውነቷ ሁሉ የተነፋ ይመስላል። ዙሌይካ ሄዳ እጇን በዚያ ጠጉር መሃል ሰደደችው። ላዩ አመዳይ ነው፤ ሥሩ እንደ ሰው ብብት ይሞቃል። ጠጉሯን በመዳፏ ጫን አድርጋ አስተኛችው፤ ሙቀቱ ጠፋ። ስትለቀው ቆመ፤ ተመለሰ።

ሮጣ ቤት ገባች።

"ጸዱ! ፍራሼ እኮ ወፍራም ነበረ እንጂ ሞቃት አልነበረም!"

"ምን አልሽ?" ጸዳለ ሊጥ በያዘ እጇ ዞረች።

"ስንት ዓመት የተኛሁበት ጥጥ ነው። ተደፍጥጦ እንደ ቂጣ ሆኗል። በላዩ በገመድ ጠፈርኩት። ሙቀቱ የሚያድርበት ቦታ የለውም! ጋቢ ምን ስለሆነ ነው የሚሞቀው? አራት ድርብ ስለሆነ አይደል? በድርቡና በድርቡ መሃል ምንም የለም። ያ 'ምንም' ነው የሚያሞቀን!"

"ኧረ እስጢፋኖስን! ምንም ነገር ያሞቃል ብላ አረፈች" አለች ጸዳለ። ግን ለገና ልትፈትለው ያስቀመጠችውን የበግ ጠጉር ከቆጥ አወረደችላት። የበግ ጠጉር ቢረጥብም እንደ ጥጥ ጨርሶ አይቀዘቅዝም፤ ያንን ደጋ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሁለቱ ሴቶች ጠጉሩን በጣታቸው እየፈለፈሉ፣ እያላሉ፣ ጉም እስኪመስል ድረስ አዘጋጁት። ፈንታሁን ሠርቶ ገና በእግሩ ረግጦ ያላጠበቀውን ሳሳ ያለ ባና ለሁለት አጥፈው፣ ጠጉሩን በመሃሉ ሞልተው፣ አልፎ አልፎ በላላ ክር ወጉት። እጅ ሲያርፍበት የሚሰምጥ፣ ሲነሣ የሚነሣ ልብስ ሆነ። ጸዳለ እንደምትለው ዙሌይካ ልብሱን አቅፋው ነው ያደረችው። ጥዋት ዳማን ከማልበሷ በፊት ድርቆሽ ልትለምንለት ወደ ዘይኑልአቢዲን ቤት ሄደች።

ፈንታሁን የልብ ሰው ነው። ሴቶቹ ሲደክሙ አይቶ ሊያግዛቸው አሰበ። እነሱ ዘንድ ከበግ ጠጉር የተሠራ ማንኛውም ነገር ሥራው የሚያልቀው በሙቅ ውሃ ተነክሮ በእግር ሲረገጥ ነው። ባና የሚጠብቀው፣ ነፋስና ዝናብ የማያስገባው ለዚህ ነው። አባቱም አያቱም ያልተረገጠ ባና ከቤት አስወጥተው አያውቁም። ስለዚህ ውሃ አፈላ፣ ልብሱን ገንዳው ውስጥ ከተተ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ገባበት። ዙሌይካ ድርቆሹን ተሸክማ ስትመለስ እሱ እያንጎራጎረ ይረግጥ ነበር።

ድርቆሹ ከእጇ ወደቀ።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"እያጠበቅኩልሽ ነዋ! ሳትረግጡት ልታለብሱት?"

"ውጣ! ወላሂ ከዚያ ገንዳ ውስጥ ውጣ!"

አወጡት። ያ ጉም የሚመስል ጠጉር ከባናው ጋር ተጣብቆ፣ ተኮማትሮ፣ እንደ ጣውላ ሆኗል። ጸዳለ ባሏን ያን ያህል ስትሰድበው ጎረቤት ሰምቶ አያውቅም። የቤቱ የበግ ጠጉር ሁሉ አልቋል። ፈንታሁን እግሩ እንደራሰ ቆሞ፣ "በጎቹን ልሸልትልሽ?" አላት።

"በዚህ ውርጭ? ከዚያ ለበጎቹ ደግሞ ማን ይስፋላቸው?" አለችው። ንዴቷ እንዳለ ሆኖ ሳቋ አመለጣት። እሱም ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ጅብ አላነሣም።

ዙሌይካ ጣውላ የሆነውን ልብስ ፀሐይ ላይ አስጥታ ብዙ አየችው። ውሃ አፈሰሰችበት፤ ተንከባሎ ወረደ። አፏን ገጥማ እፍ አለችበት፤ ትንፋሿ አላለፈም። ግን ሸራ አይደለም፤ የላብ እንፋሎት ቀስ እያለ ይወጣበታል። ይሄ ለላይ ይሆናል። የጎደለው መሃሉ ነው። የደረቀውን የፍራሿን ጥጥ አመጣችና ከጸዳለ ዘንድ የጥጥ መንደፊያ ደጋን ተዋሰች። የደጋኑ ጅማት ጥጡን በመታው ቁጥር ጥጡ ይዘላል፣ ይፈታል፣ ያብጣል። የፍራሹን አንድ ጥግ ብቻ ብትነድፍ አንድ ቅርጫት ሞላ። ያው ጥጥ ነው፤ አንዲት ፍሬ አልተጨመረበትም። ዘይኑልአቢዲን ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሲያዩ ቆዩና፣ "ሱብሃነላህ፣ ከትንሽ ነገር ብዙ አወጣሽ" አሉ።

ሦስተኛው ልብስ እንዲህ ሆነ፦ ከላይ የተረገጠው ባና፣ ከመሃል የተነደፈው ጥጥ፣ ከሥር ቆዳውን የሚነካው የዙሌይካ አሮጌ ነጠላ። ነጠላውን ለብቻው በጥቂት ክር ነው ያያያዘችው፤ እከኩ እንዳያገረሽ እየፈታች የምትቀቅለው እሱን ነው። ገመዱ ደረቱ ላይና ሆዱ ሥር ብቻ፣ ጣት እስኪያስገባ ድረስ ላላ። ላብ የጥጥ ጠላት መሆኑን ስለተማረች በየጥዋቱ ፀሐይ ሲሞቅ ታወልቀዋለች፣ ታራግፈዋለች፣ ታሰጣዋለች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ታለብሰዋለች። እጇን ከትከሻው ሥር ሰዳ ትዳብሳለች። ደረቅና ሞቅ ያለ ከሆነ፣ "አልሃምዱሊላህ" ትላለች። እርጥበት ከነካት መሃሉን ፈትታ ጥጥ ትቀንሳለች። ዳማ መንቀጥቀጡን ተወ። ድርቆሹን እየበላ ጆሮውን ወደ እሷ ማዞር ጀመረ።

አንድ ረፋድ ላይ፣ ሰማዩ ዳምኖ ልብሱ ሳይወልቅ እንዳለ፣ የታጠቁ ሰዎች በግቢው አለፉ። በዚያ ጊዜ ብዙ የታጠቀ ሰው በብዙ ግቢ ያልፍ ነበር፤ የማን ወገን እንደነበሩ መጻፉ ለዚህ ታሪክ አይጠቅመውም። አንደኛው ገና ጢም ያላወጣ፣ ስስ ሸሚዝ የለበሰ፣ ከንፈሩ በብርድ የጠቆረ ወጣት ነበር። የዳማን ልብስ አየና ቆመ።

"ይሄን አውርጂው" አላት።

"አላወርድም።"

ፈንታሁን ከኋላዋ፣ "ዙሌይካ…" አለ በቀስታ።

"ፈረስ ነው እኮ!" አለ ልጁ።

"ፈረስ መሆኑን አውቃለሁ። አንተ እግር አለህ፣ ትሄዳለህ፣ ትሞቃለህ። አፍ አለህ፣ ትጠይቃለህ። እሱ ታስሮ ነው የቆመው፤ ቆዳው ባዶ ነው።" የልብሱን ጫፍ ገልጣ የተላጠውን ጎን አሳየችው።

"ሴትዮ፣ በጉልበት እወስደዋለሁ!"

"ጉልበትማ አለህ፤ መሣሪያ ይዘሃል። እኔ ግን በእጄ አውርጄ አልሰጥህም። ከፈለግክ እኔ እያየሁህ አውልቀው።"

ልጁ አልተንቀሳቀሰም። ዙሌይካ የለበሰችውን ጋቢ ከትከሻዋ አወረደችና ዘረጋችለት። "እንካ። ይሄ የኔ ነው፤ የኔን መስጠት እችላለሁ። የሱን አልሰጥም። እናትህ ብታይህ ታለቅስ ነበር፤ ልበስ።"

ተቀበላት። አመሰግናለሁም አላላት፤ ጋቢውን ተከናንቦ ጓደኞቹን ተከትሎ ወረደ።

ፈንታሁን ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "አበድሽ? ቢገድልሽስ?"

"ቢገድለኝ ትቀብረኛለህ። ልብሱን ግን ከዳማ ላይ እንዳታወርደው" አለችው። ከዚያ ወዲያ እሷና ጸዳለ በአንድ ጋቢ ተዳብለው ነው የከረሙት። ጸዳለ እስከ ዛሬ፣ "እሷ ስትገላበጥ እኔ ውጭ ነኝ!" እያለች ትከሳታለች።

ታኅሣሥ ሲጋመስ በዳማ ጀርባ ላይ እንደ ሕፃን ራስ ለስላሳ ጠጉር በቀለ። ሐይቅ ተለቀቀች የሚል ወሬም ደረሰ። ዙሌይካ የልብሱን መሃል ፈትታ ግማሹን ጥጥ አወጣች። ትንሽ ቆይታ የቀረውንም አወጣች፤ ዳማ በባናው ብቻ አደረ። በመጨረሻም፣ ሣሩ አሁንም አመዳይ በሚለብስበት ሰሞን፣ ባናውንም ልታወርድ ገመዱን ፈታች። አሁን የተቃወማት ፈንታሁን ነው።

"ተይ! ይሄን ሁሉ ደክመሽበት? ጥቂት ይቆይ እንጂ! ብርዱ አልወጣም እኮ።"

"አያ ፈንታሁን፣ እንደለበሰ ከቆየ ጠጉሩ ተኝቶ ይቀራል፤ መቆም አይለምድም። ጠጉር የሌለው ጊዜ አለበስኩት። አሁን አለው። የራሱን ይልበስ።"

"ቢሞትብሽስ?"

"እስከ ዛሬ ስንቴ ሞተብኝ ባንተ አፍ!"

አወለቀችው። ዳማ ነፋሱ ሲነካው ቆዳው ተንዘፈዘፈ። ሁሉም አዩት። ጸዳለ አማተበች፤ ዙሌይካ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ያ አጭር ጠጉር ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ዳሌው ቀስ እያለ ቆመ። ፈረሱ አንዴ ራሱን ነቀነቀና አመዳዩን በአፍንጫው እየገፋ ሣር መጋጥ ጀመረ። ሲበቃው ገመዱ እስከፈቀደለት ራቅ ብሎ ሄደ፤ ጉልበቱን አጠፈ፤ መሬት ላይ በጀርባው ተገለበጠ። ከታመመ ጀምሮ አንድም ቀን ተንከባሎ አያውቅም ነበር። ግራና ቀኝ ተንከባለለ፤ አራቱን እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ተንፈራገጠ። ፈንታሁን እንደ ልጅ አጨበጨበ።

በማግስቱ ዙሌይካና ዳማ ቁልቁለቱን ወረዱ። ገበሬው አጥር ሥር ከተወችው ጋሪ ጎማዎቹን ነቅለው ወስደዋል። ገበሬው እጁን እያፍተለተለ፣ "ምን ላድርግ እህቴ፣ መሣሪያ የያዘ ነው የወሰደው" አላት።

"አንተማ ምን ታደርግ። እንጨቱ እንዲህ ይቆይልኝ" አለችው።

ወደ ሐይቅ የሚወርደውን መንገድ ጓዙን በራሱ ተሸክሞ የሚመለስ ሕዝብ ሞልቶታል። አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ፣ ከረጢት በእጇ እየጎተተች ቆመችና ዳማን ከላይ እስከ ታች አየችው። "ጠጉሩ ምነው? በሽተኛ ነው እንዴ? ይችላል?"

"አንቺ ትችያለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኩሽ?" አለችና ዙሌይካ ከረጢቱን ተቀብላ ዳማ ጀርባ ላይ ጣለችው። ሕፃኑንም ከነእናቱ አወጣችው። "ያዢው። መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ወደ ፊት አታዘንብዪ።"

ልጓሙን ይዛ ከፊት ከፊት ሄደች።